አደይ አበባን በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ለይቶ ማወቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በመስከረም ወር በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ በሐረጎ ቁልቁለት፣ በቦርከና ወንዝ ዳርቻና በየጎፍ ተራራ ሥር ባሉ ማሳዎች ዳር ቢጫ አበባ የማይታይበት ስፍራ ጥቂት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም አደይ ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ የመረመረ ሰው ግን በአንድ ዳገት ላይ ብቻ ሦስትና አራት የተለያዩ ተክሎችን ያገኛል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ከተማሪዎች፣ ከንብ አናቢዎችና አበባውን ከሚወዱ የአካባቢው ነዋሪዎች ደጋግመው የሚነሡ ሲሆኑ፣ መልሶቹ በተቻለ መጠን ማንም ሰው ሜዳ ላይ ቆሞ በዓይኑና በእጁ ሊያረጋግጣቸው በሚችሉ ምልክቶች ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

አደይ አበባ የሚባለው በትክክል የትኛው ተክል ነው?

አደይ የአንድ ዝርያ ብቻ ስም አይደለም። ሕዝቡ በዚህ ስም የሚጠራቸው፣ ባይደንስ በሚባለው ወገን ውስጥ የሚመደቡና እርስ በርሳቸው እጅግ የሚመሳሰሉ ጥቂት የአገር ውስጥ ዝርያዎችን ነው፤ ከእነርሱም ባይደንስ ፓኪሎማ፣ ባይደንስ ማክሮፕቴራና ባይደንስ ፕሬስቲናሪያ ይበልጥ የታወቁት ናቸው። ሁሉም አስተራሴ በተባለው ሰፊ የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ስለሚገኙ ሱፍና ኑግ የሥጋ ዘመዶቻቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ይህን ወገን በጥልቀት ካጠኑት ሳይንቲስቶች መካከል ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ዶክተር መስፍን ታደሰ ይገኙበታል፤ ማክሮፕቴራ የተባለው ዝርያ ዛሬ በሚታወቅበት ሳይንሳዊ ስም ላይም የእሳቸው ስም በሰያሚነት ተመዝግቦ ይገኛል። የመስቀል አበባ የሚለው መጠሪያም እነዚህኑ ዝርያዎች ያመለክታል።

የአንድ ዓመት ተክል ከሆነ በየዓመቱ ከየት ይመጣል?

ከዘር ይመጣል። አደይ በክረምቱ ዝናብ በቅሎ፣ በመስከረምና በጥቅምት አብቦ፣ ፍሬውን አራግፎ ከነሥሩ የሚደርቅ ተክል ነው። በጥር ወር በዚያው ስፍራ ቢቆፈር በሕይወት የቆየ ሥር አይገኝም፤ የሚጠብቀው አፈር ውስጥ የወደቀው ዘር ብቻ ነው። ይህ ለመለየትም ይረዳል፤ በበጋ ወራት ከዕንጨት መሰል አሮጌ ሥር ላይ አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ የሚታይ ቢጫ አበባ ቢኖር አደይ ሊሆን አይችልም።

በቅርብ ሲታይ አደይ በምን ምልክቶች ይታወቃል?

ለመለየት የሚነሣ ሰው ከአበባው ሳይሆን ከቅጠሉ ቢጀምር ይሻላል። የአደይ ቅጠሎች በአገዳው አንጓ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ፊት ለፊት ተያይተው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ቅጠልም አንድ ወጥ ሰሌዳ አይደለም፤ ከጠርዙ እስከ መካከለኛው ጅማት ድረስ ወይም ወደዚያ በሚቀርብ ጥልቀት ተከፋፍሎ ቀጫጭን ክፍሎች ያሉት ነው። ክፍፍሉ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ አንዳንዱ ላይ ክፍሎቹ ራሳቸው እንደገና ተከፋፍለው በጣም የደቀቁ ይሆናሉ፣ ሌላው ላይ ሰፋ ብለው ጥርስ መሰል ጠርዝ ይይዛሉ። በአገዳው ጫፍ አካባቢ ያሉት ቅጠሎች አነስተኛና ቀለል ያሉ ስለሚሆኑ ምርመራው ከአገዳው መካከል በተወሰደ ቅጠል ላይ ቢደረግ የተሻለ ነው።

ቀጥሎ አበባው ይታያል። አንድ አበባ መስሎ የሚታየን በእርግጥ ብዙ ጥቃቅን አበቦች ተሰብስበው የሠሩት ራስ ነው። ዳር ዳሩን የከበቡት ሰፋፊ ቢጫ ልሳኖች እያንዳንዳቸው አንድ አበባ ሲሆኑ፣ በመካከሉ ታጭቀው ያሉት ደግሞ ትናንሽ ቱቦ መሰል አበቦች ናቸው። የልሳኖቹ ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ገደማ ነው፤ ሆኖም በአንድ ተክል ላይ ባሉ ራሶች መካከል እንኳ ቁጥሩ ስለሚለያይ ልሳን ቆጥሮ ብቻ መፍረድ አይገባም።

ከሁሉ የሚታመነው ምልክት አብዛኛው ሰው ሳያየው የሚያልፈው የአበባው ጀርባ ነው። ራሱን ገልብጠው ሲመለከቱ ልሳኖቹን ከሥር የደገፉ ትናንሽ ቅጠሎች በሁለት ረድፍ ተደርድረው ይታያሉ። የውጭዎቹ ቀጠን ያሉና አረንጓዴ ሲሆኑ፣ የውስጦቹ ግን ስስ፣ ብራና መሰልና ጠርዛቸው ፈዘዝ ያለ ነው። የሁለቱ ረድፎች መልክ በግልጽ መለያየቱ የባይደንስ ወገን መለያ ነው፤ ይህን ያየ ሰው የተክሉን ወገን አግኝቷል ማለት ነው።

መጨረሻ ላይ ፍሬው ይመጣል። ጥቅምት ሲገባ ልሳኖቹ ረግፈው ራሱ ሲደርቅ፣ በመካከሉ ጠፍጣፋና ጠቆር ያሉ ፍሬዎች ቆመው ይታያሉ። ማክሮፕቴራ በተባለው ዝርያ ላይ የፍሬው ጠርዝ በግራና በቀኝ እንደ ክንፍ የሰፋ ነው። ዝርያዎቹን እርስ በርስ ለመለየት የበሰለ ፍሬ ግድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ መስከረም ላይ አበባውን ብቻ ይዞ «ይህ ፓኪሎማ ነው፣ ያ ማክሮፕቴራ ነው» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ጥንቃቄ የጎደለው ነው። በዚያ ወቅት «አደይ ነው» ብሎ መመዝገብ፣ ተክሉ ያለበትን ስፍራ ማስታወስና ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ ፍሬውን ማየት ትክክለኛው አካሄድ ነው።

ከመጭና ከኑግ እንዴት ይለያል?

ከሚቀርቡት ጥያቄዎች ሁሉ ይህ ዋነኛው ነው፤ ምክንያቱም ሦስቱም በአንድ ወቅት፣ በአንድ ዓይነት ቢጫ ቀለም፣ አንዳንዴም በአንድ ማሳ ዳር ያብባሉ። መጭና ኑግ ጊዞቲያ በሚባለው ሌላ ወገን ውስጥ ያሉ ዘመዳሞች ናቸው፤ ኑግ ገበሬው ለዘይቱ የሚዘራው ሰብል ሲሆን መገኛውም ይህችው አገራችን ናት፣ መጭ ግን ሳይዘሩት በየማሳውና በየሜዳው የሚበቅል ነው።

የመጀመሪያው ልዩነት ቅጠል ላይ ነው። የመጭም ሆነ የኑግ ቅጠል አልተከፋፈለም፤ ረዘም ያለ አንድ ወጥ ቅጠል ሆኖ ጠርዙ ላይ ጥቂት ጥርሶች ብቻ ይኖሩታል። የመጭ ቅጠል ግንድ የለውም፤ ሥሩ አገዳውን በከፊል ያቀፈ ይመስላል፣ በጣት ሲዳሰስም ይሻክራል። እንግዲህ በአገዳው መካከል ያለው ቅጠል በጥልቅ የተከፋፈለ ከሆነ መጭና ኑግ ከጥያቄው ወጥተዋል።

ሁለተኛው ልዩነት እንደገና የአበባው ጀርባ ነው። በጊዞቲያ ወገን የውጭዎቹ ደጋፊ ቅጠሎች አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሲሆኑ ሰፋፊ፣ አረንጓዴና እንደ ተራ ቅጠል የሆኑ ናቸው፤ በአደይ ላይ ያሉት ቀጫጭን ናቸው። በዚህ አካባቢ ለሚኖር ተማሪ ሦስቱን አበቦች በአንድ ቀን ለቅሞ ጀርባቸውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየትን የሚያህል ትምህርት የለም ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ትዕግሥት ላለው ሰው የሚሆን ነው። በአደይ ላይ ዳር ያሉት ቢጫ ልሳኖች መካን ናቸው፤ ንቦችን ይጠራሉ እንጂ ፍሬ አያፈሩም፣ ፍሬ የሚይዙት በመካከል ያሉት ትናንሾቹ አበቦች ናቸው። በመጭና በኑግ ላይ ግን የዳር ልሳኖቹ እንስት ስለሆኑ እነርሱም ፍሬ ይይዛሉ። ስለዚህ አርጀት ያለ ራስ ወስዶ አንዱን ልሳን ከነሥሩ ቀስ ብሎ መንቀልና ሥሩን መመልከት ይበቃል፤ ወፈር ያለ ፍሬ ከያዘ ወገኑ ጊዞቲያ ነው፣ ቀጭንና ባዶ ሆኖ ከቀረ ወደ አደይ ያመለክታል። ልሳኑ ያረጀ መሆን አለበት፤ ገና በፈካ አበባ ላይ ይህ ልዩነት በደንብ አይታይም።

የኑግ ፍሬ ደግሞ ለማንም እንግዳ አይደለም። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅና አጭር ነው፣ በጫፉም ምንም ሹል ነገር የለበትም። በልሳኑ ጫፍ ላይ የሚታዩትን ሦስት ጥርሶች መለያ አድርገው የሚጠቅሱ ሰዎች አሉ፤ የመጭና የኑግ ልሳን በእርግጥ ጥርሳም ነው፣ ነገር ግን የአደይም ልሳን አንዳንዴ ጫፉ የተሰነጠቀ ስለሚሆን በዚህ ላይ ብቻ መተማመን አይመከርም።

ጨጎጎት የአደይ ዘመድ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። በልብስ ላይ ተጣብቆ የሚያስቸግረው ጨጎጎት ባይደንስ ፒሎሳ ይባላል፤ ከአደይ ጋር በአንድ ወገን ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ አደይ የአገራችን ተክል ሲሆን ጨጎጎት ከአሜሪካ አህጉር መጥቶ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨ አረም ነው። መለየቱም ቀላል ነው፤ የጨጎጎት ልሳኖች ነጭና ጥቂት ናቸው ወይም ጨርሶ የሉም፣ ፍሬው ደግሞ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ጥቁርና በጫፉ ላይ ወደ ኋላ የታጠፉ ጥቃቅን ጦሮች ያሏቸው ሁለት ወይም ሦስት ሹሎች ያሉት ነው። ልብስም ሆነ የከብት ፀጉር ላይ የሚይዘው በእነዚህ ሹሎች ነው።

ገና ሳያብብ ቅንጨ አረም ይመስላል፤ ሳይሳሳቱ ለመንቀል ምን ማየት ይገባል?

ይህ ጥያቄ በተለይ በኮምቦልቻና በዙሪያዋ ላሉ ሰዎች አስፈላጊ ነው። ፓርቲኒየም ወይም ቅንጨ አረም የሚባለው መጤ ተክል በመንገድ ዳር፣ በባዶ ቦታና በማሳ ውስጥ በብዛት ይበቅላል፤ ቅጠሉ እንደ አደይ የተከፋፈለ ስለሆነም በሐምሌና በነሐሴ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው። ሰዎች ግቢያቸውን ሲያጸዱ አደዩን ነቅለው መጣላቸው ያሳዝናል፤ ቅንጨ አረሙን አደይ መስሏቸው መተዋቸው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው።

ልዩነቱ በአንጓው ላይ ነው። የቅንጨ አረም ቅጠሎች በአገዳው ላይ አንድ አንድ ሆነው፣ አንዱ በዚህ ጎን ሌላው በዚያ ጎን በመፈራረቅ ይወጣሉ፤ ገና ችግኝ ሳለም ቅጠሎቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ተዘርግተው ይቀመጣሉ። አደይ ከችግኝነቱ ጀምሮ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው። በተጨማሪም ቅንጨ አረም ወደ ግራጫ የሚያደላ ቀለም አለው፣ በአጫጭር ፀጉሮች የተሸፈነ ነው፣ ሲያብብም አበባው ጥቃቅንና ነጭ እንጂ ቢጫ አይደለም። ይህ አረም ሲነካ በብዙ ሰዎች ላይ የቆዳ ማሳከክና መቆጣት፣ ብናኙም የመተንፈሻ አካል አለርጂ ስለሚያስከትል፣ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው በባዶ እጁ ከመንካት ይልቅ ጓንት አድርጎ ወይም በዓይኑ ብቻ ቢመረምር ይበጃል።

አደይ በደረቅና አሸዋማ ሜዳ ላይ ይበቅላል?

ጥልቀት በሌለው፣ ጠጠር በበዛበትና ውኃ ቶሎ በሚያሳልፍ አፈር ላይ ይበቅላል፤ በመንገድ ግርጌና በድንጋያማ ዳገት ላይ የምናየውም ለዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ ተክሉ አጭር ሆኖ ከጉልበት በታች ይቀራል፣ ቅርንጫፉም ያንሳል፤ እርጥበት ባለው የማሳ ዳር ላይ ያው ተክል ወገብ ድረስ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ የቁመት ልዩነት ሌላ ዝርያ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

አደይ ግን በመሠረቱ የደጋና የወይና ደጋ አበባ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ በተወረደ ቁጥር ዝናቡ ያንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ በዚያ ደረቅና አሸዋማ ሜዳ ላይ ከዝናብ በኋላ መሬት ለመሬት ተዘርግቶ የሚታየው ቢጫ አበባ ብዙውን ጊዜ ኩርንችት ነው። ኩርንችትም የአንድ ዓመት ተክል ነው፣ ከአደይ ጋር ግን ዝምድና የለውም። አበባው እንደ አደይ የብዙ አበቦች ስብስብ ሳይሆን አምስት ቢጫ ቅጠሎች ብቻ ያሉት አንድ አበባ ነው፤ የተክሉ ቅጠል በመካከለኛው ጅማት ግራና ቀኝ በተደረደሩ ትናንሽ ቅጠሎች የተሠራ ነው፤ ፍሬው ደግሞ ሲደርቅ ጫማ የሚወጋ ጠንካራ እሾህ አለው። ቀና ብሎ የሚቆም አገዳ አለመኖሩ ብቻውን ከአደይ ለመለየት ይበቃል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚያብበው በአንድ ጊዜ ነው?

በሁለቱም ዋናው ወቅት መስከረምና ጥቅምት ነው። ሆኖም ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ በሙቀትም ሆነ አፈሩ እርጥበት ይዞ በሚቆይበት ጊዜ ይለያያሉ። ዝናቡ ቀድሞ ባቆመበት ዓመት በታችኛው ሜዳ ያለው ቶሎ ደርቆ ወደ ፍሬ ሲገባ፣ በላይኛው ዳገት ላይ ገና የፈካ ሊገኝ ይችላል። ፍሬ ለማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ መልካም አጋጣሚ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት በአንድ ቀን በመውረድ ብቻ ተክሉን በተለያየ የዕድገት ደረጃ ማግኘት ይቻላልና።

ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል በገበያ የሚሸጠው ሁሉ አደይ ነው?

አይደለም። በእቅፉ ውስጥ ከአደይ ጋር መጭ መቀላቀሉ የተለመደ ነው፤ በከተማ ግቢዎች የሚተከለው ከሜክሲኮ የመጣው ቢጫ ኮስሞስም አንዳንዴ ይገባል። ኮስሞስ ቅጠሉ የተከፋፈለና ጥንድ ጥንድ በመሆኑ ከአደይ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ የሚለየው ቀለሙ ወደ ብርቱካን በማድላቱና በተለይም ፍሬው በጫፉ ላይ ረጅም ቀጭን መንቁር ያለው በመሆኑ ነው። ለበዓል ማድመቂያ ሁሉም ያምራሉ፤ ለትምህርት ቤት ሥራ ወይም ለናሙና ከሆነ ግን ከገበያ የተገዛ አበባ፣ የበቀለበት ስፍራ ስለማይታወቅ፣ ብዙም አይጠቅምም።

ባለሙያ እንዲለይልኝ ፎቶ ወይም ናሙና ለመላክ ምን ላዘጋጅ?

ከላይ ብቻ የተነሣ የአበባ ፎቶ፣ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ለመለየት አይበቃም። ሙሉው ተክል ከበቀለበት መሬት ጋር፣ ቅጠሎቹ ከአገዳው ጋር የተያያዙበት አንጓ፣ ተገልብጦ የታየ የአበባው ጀርባ፣ ከተገኘም የደረቀ ራስና በነጭ ወረቀት ላይ የተቀመጠ ፍሬ በየራሳቸው ፎቶ ቢነሡ መልካም ነው፤ ከጎናቸው ማስመሪያ ቢኖር ደግሞ መጠኑን ያሳያል።

ናሙና ለማዘጋጀት አበባና ፍሬ በአንድነት የያዘ ቅርንጫፍ ተመርጦ፣ አንዱ ቅጠል በፊቱ ሌላው በጀርባው እንዲታይ ተደርጎ በጋዜጣ መካከል ይነጠፍና ክብደት ይጫንበታል። ጋዜጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየዕለቱ ካልተቀየረ ቅጠሉ ይሻግታል። አብሮት በሚቀመጠው ወረቀት ላይ የተለቀመበት ቀን፣ ስፍራው፣ ከፍታው፣ የአፈሩ ዓይነትና ሲደርቅ የሚጠፋው የአበባው ቀለም ይጻፋል፤ ይህ ማስታወሻ የሌለው ናሙና ግማሽ ዋጋውን አጥቷል። አገሪቱ ውስጥ የዕፅዋት ናሙናዎች ተጠብቀው የሚገኙበት ዋናው ስፍራ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው።

አበባውን መቁረጥ ይጎዳዋል? በግቢ ውስጥስ ማብቀል ይቻላል?

ጥቂት ራሶችን በቢላ ወይም በመቀስ መቁረጥ ተክሉን አይገድለውም፤ ከታች ያሉት ቅርንጫፎች ማበባቸውን ይቀጥላሉ። ጉዳቱ ያለው ከነሥሩ መንቀል ላይ ነው፤ አደይ የሚተካው በዘር ብቻ ስለሆነ በመስከረም መጀመሪያ ከነሥሩ የተነቀለ ተክል ለሚቀጥለው ዓመት የሚተወው ምንም ነገር የለም። ከአንድ ስፍራ ሁሉንም ጠርጎ መውሰድ ንቦችንም ይጎዳል፤ በደጋውና በወይና ደጋው የመስከረምና የጥቅምት ዋናው የማር አዝመራ በእጅጉ የሚመካው በአደይ፣ በመጭና በኑግ አበባ ላይ ነውና። የግጦሽ ሣር የሚያጭዱ ሰዎችም የማሳውን ዳር ፍሬው እስኪረግፍ ድረስ ሳያጭዱ ቢያቆዩት በዚያ ስፍራ ያለው አደይ አይጠፋም።

በግቢ ማብቀል ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ቀላል ነው። በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ሙሉ በሙሉ የደረቁ ራሶች ተለቅመው በወረቀት ከረጢት ውስጥ በደረቅ ቦታ ይቀመጣሉ፤ ላስቲክ እርጥበት ስለሚያፍን አይመከርም። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ፀሐይ በደንብ በሚያገኝ መሬት ላይ አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ ዘሩን መበተንና በስሱ ማልበስ ይበቃል። ችግኞቹ ሲወጡ ቅጠላቸው ጥንድ ጥንድ መሆኑ ይታያል፤ በመካከላቸው ቅጠሉን አንድ አንድ እያፈራረቀ መሬት ላይ ክብ ሠርቶ የተዘረጋ ችግኝ ቢገኝ ቅንጨ አረም ስለሆነ ሳያብብ መነቀል አለበት።